ወደ ኋላ የሚዋኘው ዓሣ

መስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። ከአሸዋው ሥር አንድ ቀጭን ቱቦ አየር ይተፋል፤ አረፋው እየተሯሯጠ ወደ ላይ ይወጣና ይፈነዳል። ልጄ ዓይኔን ልታሳክመኝ አዲስ አበባ ወስዳኝ፣ ከሐኪም ቤት ስንወጣ ዝናብ ያዘንና አንድ ሱቅ ገብተን ተጠለልን። የጌጥ ዓሣ የሚሸጡበት ሱቅ ነው። እንዲህ ያለ ንግድ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሰውን የሚያበላ ዓሣ ነው፤ ሰው የሚያበላውን ዓሣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው። የረጠበ ድንጋይ፣ አረንጓዴ የለበሰ እንጨት፣ ቆየት ያለ ውሃ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ጀልባ ገልብጠን ስንፍቅ የሚሸተው ሽታ ነው። እሱን እያሸተትኩ ሳለ፣ ጥግ ካለው ሳጥን ውስጥ አንድ ጥቁር፣ ረጅም፣ ስስ ነገር ከድንጋይ ሥር ብቅ አለ። ፊቱን ወደ እኔ እንዳደረገ ኋሊት ሄደ። ሳይዞር፣ ምንም ሳይነካ፣ በሁለት ድንጋዮች መሀል ኋሊት ገባ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት ባለሱቁን።

«ናይፍ ፊሽ ነው አባባ። ቢላ ዓሣ እንደ ማለት ነው። ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«አውቀዋለሁ።»

ልጄ ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! ከየት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። የኛው ግን ክንፉ በጀርባው ነበር። የዚህ በሆዱ ነው።»

ባለሱቁ አልሳቀም። ወጣት ነው፣ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ስልኩን አወጣና ሥዕል ያሳየኝ ጀመር። አንዱን ሲያሳየኝ «አይደለም» እላለሁ፤ ሌላውን ያመጣል፤ እሱም አይደለም። ዝናቡ እንደሆነ አላባራም። በኋላ አንድ ሥዕል ሲያመጣ ሳላስበው ስልኩን ከነእጁ ያዝኩት። ግራጫ ጀርባ፣ ነጣ ያለ ሆድ። ጅራቱ ላይ ክንፍ የለውም፤ እንደ አይጥ ጅራት እየቀጠነ ያልቃል። ከማጅራቱ ጀምሮ ጀርባውን ይዞ የሚወርድ አንድ ረጅም ክንፍ ብቻ አለው።

«እሱ ነው» አልኩ።

እንደዚያ ስል ግን የሰማሁት የራሴን ድምፅ አልነበረም። የመረብ ጠጋኙን ድምፅ ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ልንገርህ። ዘመኑ የደርግ ነው። ጫሞ ዳር የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነበር፤ እኔም አባል ነበርኩ። አገሬ ግን ደጋው ነው፣ በገረሴ በኩል። የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲሞት ሸማው ላይ ልቀመጥ ሞክሬ ነበር፤ እግሬ ረጅም ስለሆነ ሸማኔ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ አይበቃውም እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጉድጓዱ ሳይሆን መቀመጡ ነው ያልሆነልኝ። ወረድኩ። ቆላው ሞቀኝ፣ ወባ ያዘኝ፣ ዳንኩ፣ ቀረሁ።

በኛ ደጋ ዓሣ አይታወቅም። የሚያውቀው ሰው የለም፣ የሚበላውም የለም። እናቴ ዓሣ እንደምበላ የሰማች ጊዜ፣ ቤት ስመጣ ለብቻዬ የምበላበት ሳህን አዘጋጅታ ቆየችኝ። ከበላሁ በኋላ በአመድ ታሸዋለች። ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «ደገኛው» ነበር የምባለው። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች መለየት ሲያቅተኝ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩላቸው።

ያልሳቀብኝ መረብ ጠጋኙ ብቻ ነው። የዝዋይ ሰው ነው። ዓሣ ማስገሩን የተማረው ከአባቱ ነው፣ አባቱም ከአባቱ። ጫሞ የመጣው ከማኅበሩ በፊት ነው ይባላል። ከሾላው ሥር ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ የእንጨት መርፌውን ከጆሮው ጀርባ ይሰካል፤ የተቀደደውን መረብ በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይሰፋል። ቋጠሮ ያስተማረኝ እሱ ነው። «እጅህ የሸማኔ ነው፣ ክሩን አይፈራም» አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እለዋለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ለምን ዳር ተቀምጦ ይሰፋል፣ ለምን ሐይቅ አይገባም ብዬ ጠየቅሁ። አብሮት ጀልባ የሚገባ ሰው ስለሌለ ነው አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከመውረዴ በፊት የጀልባ ጓደኛ ነበረው፤ የኛው አገር ሰው፣ ሸማኔ። እኔም በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ከደጋ ወርዶ ዓሣ አስጋሪ የሆነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጠዋት ሁለቱ የቁልፎ ወንዝ ጫሞ የሚገባበት ቦታ፣ ፊላ የሚባለው የውሃ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ገቡ። የተመለሰው አንዱ ነው። በጀልባው ውስጥ የተሰበረ መቅዘፊያና የጓደኛው ጋቢ ነበር።

መረብ ጠጋኙ ለጠየቀው ሁሉ አንድ ነገር ተናገረ። ጓደኛዬ ወደ ኋላ የሚሄድ ዓሣ አየ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አለ፤ ፊላው ላይ አስጠግቼ በእጄ እይዘዋለሁ ብሎ እየሳቀ ከጀልባው ወረደ፤ ውሃው ጉልበቱን አያልፍም ነበር፤ አዞ ወሰደው። እኔ መቅዘፊያው እስኪሰበር ውሃውን ደበደብኩ።

ያመነው የለም። ሰዉ ያለው እንዲህ ነው፦ አዞ ካለበት ውሃ ለአንድ ዓሣ ብሎ የሚወርድ ሰው የለም። ወደ ኋላ የሚሄድ ዓሣም የለም። ስለዚህ የዝዋዩ ሰው አዞውን ሲያይ ጓደኛውን ጥሎ ሸሽቷል። ከዚህም የባሰ የሚሉ ነበሩ። ቀበሌ ወስዶ ጠየቀው፣ ለቀቀው። ሰው ግን አልለቀቀውም። እሱ በዳር ሲያልፍ አንዱ ከተቀመጠበት ይነሳና ኋሊት ይራመዳል።

«ጋሼ፣ ዓሣህ መጣ!» ይላል ሌላው።

«ኧረ መንገድ ልቀቁለት፣ አያይም በኋላው!»

እሱ ቀና አይልም። መርፌውን ከጆሮው ያወርዳል፣ ይሰፋል። እኔ እንኳ ያን ያየሁ ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ፤ ነገሩን ገና አላወቅሁም ነበር።

ሳቁን ይችለዋል። ያልቻለው የሟች ጓደኛውን ሚስት ነገር ነው። አስከሬን ስላልተገኘ በጋቢው ነበር የተለቀሰው፤ ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር የላትም። በገበያ ቀን ከገረሴ በሚወርዱ ሴቶች መልእክት ትልክበት ነበር። አንድ ጊዜ እኔው ነኝ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ የመለስኩለት። «የዓሣውን ወሬ ትቶ ባሌ እንዴት እንደሞተ ይንገረኝ። እውነቱን ከነገረኝ ሌላ ነገር አልፈልግም» የሚል ነው።

መረቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እውነቱ እኮ ዓሣው ነው» አለኝ። «ሌላ እውነት ከየት ላምጣላት?»

ታዲያ ከትልቁ ዝናብ በኋላ፣ ወንዙ ሞልቶ ፊላውን በዋጠበት ወቅት፣ እኔና የጀልባ ጓደኛዬ በጠዋት መረባችንን ልናነሳ ወጣን። ይኼ የጀልባ ጓደኛዬ ቀልደኛ ነው፤ ኋሊት በመራመድ እሱን የሚያክል አልነበረም። ውሃው እንደ ወተት ሻይ ነው። ጉማሬዎቹ ከወዲያ ያናፋሉ። መረቡን ስንስብ ሁለት ሦስት ቆሮሶ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ነገር መጣ።

«እባብ ነው! ጣለው!»

«እባብ ክንፍ የለውም።»

«አንተ ደገኛ፣ ስለ እባብ ደግሞ ምን ታውቃለህ? ጣለው እልሃለሁ!»

ፈትቼ ጀልባው ውስጥ ለቀቅሁት። ጀልባችን ያፈሳል፤ ሁልጊዜም ከታች ቁርጭምጭሚት የሚያህል ውሃ አለው። ዓሣው ክንዴን ያህላል። ተጋደመና ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ፣ ንፋስ የነካው የጤፍ ማሳ እንደሚሆነው፣ ከዳር ዳር ተንቀሳቀሰ። እግሬን ሳቀርብበት ሰውነቱን ሳያጥፍ፣ ቀጥ እንዳለ፣ ኋሊት ሄደ። ከኋላው የጀልባ ጓደኛዬ እግር ነበር። ሳይነካው ዞሮት አለፈ።

ጓደኛዬ ኮፍያውን አወለቀ። «ኋሊት ሄደ እኮ» አለ። «ኋሊት ሄደ!» ቀሪውን መረብ ሳናነሳ ቀዘፍን።

ዳር ስንደርስ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ እባብ ነው ሲል፣ አንዱ የአምባዛ ዲቃላ ነው ሲል፣ መረብ ጠጋኙን ጠራሁት። መጣ። መርፌው ከጆሮው ጀርባ እንደተሰካ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጀልባው ውስጥ አየ። ዓሣው ወደፊት ሄደ፣ ቆመ፣ ኋሊት ተመለሰ።

«እሱ ነው» አለ።

ጮክ ብሎ አልነበረም። የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ቁጢጥ አለ፤ ተቀመጠ። የጀልባ ጓደኛዬ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ኮፍያውን በእጁ ያሽ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።»

«ዝም በልና ውሃ አምጣ። ይደርቃል» አለው።

ያን ዓሣ ስሙን የሚያውቅ ሰው በዳሩ አልነበረም። ለመንግሥት ቢሮ እንስጠው ያለ ነበር፣ ሲቀላ ከተማ ወስደን ገበያ ላይ እናሳየው ያለ ነበር። መረብ ጠጋኙ «ገረሴ ነው የሚሄደው» አለ። «በሕይወቱ። ሞቶ ብታየው ምን ይገባታል? ሲሄድ ነው ማየት ያለባት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መንገዱንም ቋንቋውንም ታውቃለህ። ትወስደኛለህ?»

ያን ጊዜ ከቦታ ቦታ ለመሄድ ከቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባን።

«የጉዞው ምክንያት?»

«ዓሣ ለማሳየት» አለ መረብ ጠጋኙ።

«ለማን?»

«ለአንዲት ሴት።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጓድ፣ አብዮቱ የሚፈልገው ዓሣ እንድታመርቱ ነው። ዓሣ ይዛችሁ እንድትዞሩ አይደለም።» ነገር ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ታሪኩን እሱም ያውቀዋል። መልሶ እስክሪብቶውን አነሳና ለቅሶ ለመድረስ ብሎ ጻፈልን፤ ለለቅሶ የሚሄድ አይከለከልም። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳትን ፊደል እየለቀምኩ ሳነብለት፣ መረብ ጠጋኙ «አልተሳሳተም» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዓሣውን ክዳን ባለው የላምባ ቆርቆሮ ነው የወሰድነው። ቆርቆሮውን በአመድና በሎሚ አጠብነው፤ የሐይቁን ውሃ እስከ አፉ ሞላነው። እስከ አፉ ይሞላ ያለው እሱ ነው፤ ዓሣ ውሃ አይጎድልበትም፣ ቢጎድልበት በመንገድ ይንገላታል አለ። እኔም ያው ይመስለኝ ነበር። ዘሎ እንዳይወጣ ክዳኑን ከጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍረን አሰርነው። በተውሶ አህያ ጭነን፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ በወዲያ ጎን ድንጋይ አድርገን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን።

ሜዳው ላይ ሳለን ዓሣው ክዳኑን በጭንቅላቱ ይመታ ነበር። ኳ። ትንሽ ይቆያል። ኳ።

«ሊያመልጥ ነው» አለ መረብ ጠጋኙ። «አጥብቀው።»

አጠበቅሁት። ዳገቱን ስንጀምር ድምፁ ጠፋ።

«አሁን ለመደው» አለኝ፤ ደስ አለው።

የአዲስ አበባው ባለሱቅ ስልኩ ላይ ያለውን አነበበልኝ። «ይኼ ዓሣ፣ አባባ፣ እንደ ሰው ነው፤ አየር ይስባል። ውሃ ውስጥ እየኖረ፣ ብቅ ብሎ ካልተነፈሰ ይታፈናል» አለኝ። «ለዚያ ነው በሳጥን ሲቀመጥ ከላይ ክፍት ቦታ የሚተውለት።» አመሰገንኩት። ልጄ ምን ሆነሃል አለችኝ፤ ምንም አልኳት።

መንገዱ ላይ ግን ይህን የሚነግረን አልነበረም። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። ሙዙና ጥጡ ከታች ቀረ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ መጣ፣ ቀርከሃው መጣ፣ ከየቤቱ ዙሪያ እንሰቱ መጣ። እሱ ያን አገር አያውቀውም። እየቆመ ያያል። ስለሚነግራት ነገር እያሰበ መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «መጀመሪያ ዝም ብላ ትየው» ይለኛል። «ምንም አትንገራት። አይታ እሷ ራሷ ትጠይቅ።» ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «ቆርቆሮው ጠባብ ነው፤ ትልቅ ገንዳ ይኖራት ይሆን? ከብት የሚጠጣበት?»

መንደሩ ልንደርስ ስንል ምንጭ አለ። ውሃውን በንጹሕ ልንለውጥለት ቆምን። ላስቲኩን ፈታሁና ክዳኑን አነሳሁ። ሆዱ ወደ ላይ ሆኗል።

መረብ ጠጋኙ እጁን እስከ ክርኑ ነከረ። ዓሣውን አገላበጠው፤ ወደፊት ገፋው፣ ወደ ኋላ ሳበው። ሲለቀው በጎኑ ይጋደማል። አወጣውና ጭኑ ላይ አስተኛው። ውሃው ሱሪውን አራሰው። አህያዋ ትግጣለች።

«እንመለስ ጋሼ። ሌላ እንይዛለን።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ላይ ነኝ» አለ። «ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ደጃፏ ድረስ መጥቼ ከተመለስኩ ሁለተኛ አልመጣም። ራሴን አውቀዋለሁ። እንሂድ።»

ዝንብ መጣበት። ፀሐይም ነበር። እኔ ከምንጩ ዳር ያለውን ለምለም ሣር ለአህያዋ ብዬ በያዝኩት ማጭድ አጨድኩ፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ሣር ነው። ዓሣውን ከላይም ከታችም በሱ ጠቀለልነው። እሱ በሁለት እጁ ያዘው፤ እኔ አህያዋን ነዳሁ።

ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የሚሽከረከር እንዝርት አላየሁም፤ ሳታየው ነው የምትፈትለው። መረብ ጠጋኙ ከቀርከሃው አጥር መግቢያ ላይ ቆመ። ኮፍያውን ለማውለቅ እጅ አልነበረውም። ሣሩን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ደፋ።

እንዝርቱ ወደቀ። ብድግ አለች። ያኔ ነው የገባኝ።

በኛ አገር እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው ዕርቅ የጠየቀ ሰው ነው። ሽማግሌዎች የተጣላ ሲያስታርቁ ሣር ይዘው ይንበረከካሉ። ደም ያፋሰሰ ነገር ቢሆን እንኳ ሣር የያዘን ሰው ፊት የሚነሳ የለም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ሣሩን ያጨድኩት ከቆላ መጥቼ፣ የዓሣ ነገር ብቻ እያሰብኩ ነው። እሱ የዝዋይ ሰው ነው፤ ከየት ያውቀዋል?

ቀስ ብላ መጣች። ፊቱን አየችው። ከላይ ካለው ሣር አንድ ጭብጥ አነሳች፣ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ በጋሞኛ ተናገረች።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ ትላለች።»

«ምኑን?»

«ሣሩን ጋሼ…»

«ሣሩ ምን ሆነ?»

በአጭር ነገርኩት። እጁ ላይ ያለውን አየ። ጆሮው ቀላ። «እኔ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ምን ሠራሁ? ለዝንብ ነው በላት! ዓሣውን ዝንብ እንዳይነካው ነው በላት!»

እሷ እኔን ታያለች። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ልከፍት ስል፣ እሱ ቀና ብሎ አያት። ሣሩን አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ውሃው በክንዷ ይወርድ ነበር። ለስንት ዓመት የያዘችውን ነገር ያስቀመጠች ሰው ትመስላለች። እንደዚያ ደክሟት።

«ተው» አለኝ። «አትንገራት።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ጥፋተኛ ነኝ እንደ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። ነገርከኝ እኮ። ተው።»

አስገባችን። የተቀቀለ ድንችና ጎመን፣ ከቆጮ ጋር አቀረበች። ከአንድ ሳህን በላን፤ እሷም እጇን ሰደደች። ከበላን በኋላ መረብ ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። አሁን ግን ዓሣውን አሳያት። ለዚህ ነው የመጣሁት» አለኝ። ሣሩን ገለጥኩት። ጅራቱን አሳየኋት፣ ክንፉን አሳየኋት፤ ወደፊትም ወደ ኋላም እንደሚሄድ፣ በጀልባችን ውስጥ እኔ ራሴ በዓይኔ እንዳየሁ ነገርኳት። ሌላ ዓሣ እንዲህ አይደለም፣ በጫሞ ዳር የሚያውቀው ሰው የለም አልኳት።

ከሩቅ ሆና አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዓሣ ሁሉ እንዲህ አይደለም እንዴ?» አለች።

ስተረጉምለት መረብ ጠጋኙ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። በሕይወቷ ዓሣ አይታ የማታውቅ ሴት! ተሸክመን የመጣነው ለሷ ከአምባዛ አይለይ፣ ከቆሮሶ አይለይ። ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግራ ገብቷት ጠበቀችን። ሳቃችን ሲያልቅ፣ በለሆሳስ፣ ለኔ ሳይሆን ለሱ ተናገረች።

«ባሌም እንዲህ እየሳቀ ነው ውሃው ውስጥ የወረደው?»

ተረጎምኩለት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አዎ» አለ። «እየሳቀ ነው። ይኼንን ቤት ሄጄ ብናገር ማን ያምነኛል፣ ይዤው ነው የምሄደው ብሎ ነው።»

እሷ ከጥጉ ያለውን ባዶ የሸማ ጉድጓድ እያየች ነገረችኝ። «አንድ ጊዜ ባሌ ክሩን በግማሽ ትቶ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ፈለግሁት። ለካ አጥሩ ላይ የምትሄድ እስስት እየተከተለ ነው። ሲመሽ መጥቶ እንዴት እንደምትራመድ፣ በዚህ ወለል ላይ በእጁና በእግሩ እየሄደ አሳየኝ። እኔ ተቆጣሁት።»

አመንኩህ አላለችውም። እሱም አመነችኝ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እጇን ዘረጋችና፣ ዓሣ ነክታ የማታውቀው ሴት፣ በአንድ ጣቷ የጀርባውን ክንፍ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ድረስ ነካችው።

«ይሸታል» አለች ብድግ ብላ። «ሜዳ ላይ ከጣልነው ውሻ ይጎትተዋል።»

ዶማዋን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወጣች፤ ተከተልናት። እንሰቱ ሥር አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ለአንድ ዓሣ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ ይበቃል። እሷ ግን ጉልበቷ ድረስ ገባች፤ አሁንም ቆፈረች። ሲያለከልካት መረብ ጠጋኙ ዶማውን ከእጇ ተቀብሎ ወረደ። እኔ አፈሩን በእጄ ወደ ዳር አወጣ ነበር። ዓሣው ከነሣሩ ጠርዙ ላይ ተኝቷል። ጉድጓዱ ለሰው መቃብር ወደሚበቃ ሲሰፋ አየሁ፤ ሦስታችንም አየን። በቃ ያለ ግን አልነበረም።